«ደም ለምን ይረጋል?»፦ ለአንዲት ልጅ ጥያቄ የዘገየ መልስ

በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ማለዳ፣ የሌሊት ተራዬን ጨርሼ ከሕክምና ማዕከሉ በር ስወጣ አንዲት ወጣት ሴት ጠጋ ብላ አስቆመችኝ። አባቷ በኮቪድ-19 ታመው አሥራ አንድ ቀን ተኝተው ነበር። በዘጠነኛው ቀን የሚያስፈልጋቸው ኦክስጅን ቀንሶ፣ ሾርባ ቀምሰው፣ በስልክም «ለፋሲካ ቤቴ ነኝ» ብለዋት ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ንጋት ላይ ግን ትንፋሻቸው በድንገት አጥሮ ዐረፉ። «ወንድሜ፣ አባዬ እየተሻላቸው አልነበረም እንዴ? ታዲያ ምን ገደላቸው?» አለችኝ።

ሐኪም አልነበርሁም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርሁ። ሆኖም ባለፉት ቀናት በእጄ ያለፈው የደማቸው ውጤት ትዝ አለኝና፣ የሐኪሙን ድርሻ ተሻምቼ «ደማቸው ረግቶ ሳይሆን አይቀርም» አልኋት። ትክ ብላ አየችኝ። «ደም ለምን ይረጋል? አልቆሰሉ፣ አልተወጉ!» አለች። መልስ አልነበረኝም። «እግዜር ያጥናሽ» ብዬ ተሰናበትኋት። ያ ጥያቄ ግን አልተሰናበተኝም። ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት የመለሰኝ እርሱ ነውና ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ መልሴን በጽሑፍ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ጊዜውን ለማያስታውስ አንባቢ ጥቂት ልበል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ፣ ሕሙማንን በመቀበል ቀዳሚ የሆነው በከተማችን ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ቦሌ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው፣ የ2000 ዓ.ም. መባቻ የተከበረበት ሚሊኒየም አዳራሽ በአልጋና በኦክስጅን መሥመር ተሞልቶ የሕክምና ማዕከል ሆነ። የሙዚቃ ድግስና የንግድ ትርዒት የለመድንበት ሰፊ ወለል ሰው ለትንፋሽ የሚታገልበት ቦታ ሆነ። እኔ በዚያው በምሥራቁ የከተማ ክፍል ከነበሩት ሌሎች ማዕከሎች በአንዱ እሠራ ነበር። የሥራዬ አንዱ ክፍል ዲ-ዳይመር የተባለውን የደም ምርመራ ማካሄድ ነበር። ጤነኛ ሰው ላይ በአብዛኛው ከ0.5 ሚሊግራም በሊትር በታች የሆነው ይህ ቁጥር በነዚያ ሕሙማን ደም ውስጥ ብዙ እጥፍ ሲወጣ አይ ነበር። ቁጥሩን በቀይ አስምሬበት ለሐኪሙ እልካለሁ። ከዚያ ወዲያ አልጠይቅም ነበር።

ዲ-ዳይመር ምን እንደሆነ ከትምህርት ቤት አውቅ ነበር። ደም ሲረጋ ፋይብሪን የተባለው ክር ይደራል፤ አካላችን ያንን ድር መልሶ ሲበጣጥስ የሚቀረው ፍርፋሪ ዲ-ዳይመር ይባላል። የምለካው እንግዲህ ፍርፋሪውን ነበር። ልጅቱ የጠየቀችኝ ግን ዳቦው ለምን እንደ ተጋገረ ነው። ፍርፋሪ ቆጥሮ ይህን መመለስ አይቻልም፤ ከመርጋቱ በፊት በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የሆነውን ማወቅ ያሻል።

እኔ የደም ሥርን እንደ ውኃ ቧንቧ አስብ ነበር፤ ቧንቧ ካልተቀደደ ወይም ካልዛገ ምን ይሆናል? ደም ሥር ግን ቧንቧ አይደለም። ውስጡን የሚያለብሰው፣ ኢንዶቴሊየም የሚባለው ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሕያው ነው፤ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ይመርጣል። በደኅና ጊዜ ፊቱ ልሙጥ ነው፤ የሚያልፍበትን ሕዋስ አይዝም፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችንም ያመነጫል። በአካባቢው ቁስል ወይም ተሕዋሲ ሲኖር ግን ጠባዩን ይለውጣል። በፊቱ ላይ የሚይዙ እጆችን ያወጣል። እነዚህ እጆች ሕዋስ አጣባቂ ሞለኪውሎች ይባላሉ።

አያያዙ ሥርዓት አለው። ነጭ የደም ሕዋስ በደም ሥር ውስጥ በፍጥነት እየተወሰደ ሳለ በመጀመሪያ የሚያገኙት ሴሌክቲን የተባሉት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ ፒ-ሴሌክቲን፣ በኢንዶቴሊየም ውስጥ ተዘጋጅቶ በከረጢት የተቀመጠ ስለሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሌላው፣ ኢ-ሴሌክቲን፣ አዲስ ስለሚሠራ ሰዓታት ይፈጅበታል። ሴሌክቲኖች አጥብቀው አይዙም። ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ሕዋሱን ያዘገዩታል፤ ሕዋሱም በግድግዳው ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል። ሁለተኛው እርምጃ ጥሪ ነው። ኬሞካይን የተባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች በግድግዳው ላይ ተለጥፈው ይጠብቁታል፤ የዘገየው ሕዋስ ጥሪውን ይሰማል። ሦስተኛው እርምጃ ጽኑው ነው። በነጭ የደም ሕዋሱ ላይ ያሉት ኢንቴግሪኖች ተዘርግተው ከኢንዶቴሊየሙ ሞለኪውሎች ጋር ይያያዛሉ። ኤልኤፍኤ-1 የተባለው ኢንቴግሪን አይካም-1ን፣ ቪኤልኤ-4 የተባለው ደግሞ ቪካም-1ን ይይዛል። ከዚያ ሕዋሱ ቆሞ፣ ተነጣጥፎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት የኢንዶቴሊየም ሕዋሳት መካከል ሾልኮ ወደሚፈለግበት ይሄዳል።

ይህን ለራሴ ሳስረዳ በየዕለቱ የማልፍበት መገናኛ ይረዳኛል። ማለዳ በዚያ ሲሮጥ የሚያልፍ ሰው የትኛውንም ረዳት አይሰማም። ሲያዘግም ግን «ኮተቤ! ኮተቤ!»፣ «ገርጂ!» የሚለውን ጥሪ ይለያል፤ የራሱን ሰፈር ሲሰማ እጁን ዘርግቶ የታክሲውን በር ይይዛል። ማዝገም፣ መስማት፣ መያዝ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ንጽጽሩ የሚጎድለው አንድ ነገር አለ። የመንገደኛው እጅ ምን ጊዜም ለመያዝ ዝግጁ ነው፤ የነጭ የደም ሕዋስ እጅ ግን ጥሪው እስኪደርሰው ድረስ የታጠፈ ነው።

የኢንቴግሪን ምሥጢር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ ኢንቴግሪን አልፋና ቤታ ከሚባሉ ሁለት ሰንሰለቶች የተጣመረ ሲሆን፣ በሰው ልጅ 18 ዓይነት አልፋና 8 ዓይነት ቤታ ተጣምረው 24 ኢንቴግሪኖችን ያስገኛሉ። በዕረፍት ላይ ያለው ኢንቴግሪን ራሱን ወደ ሕዋሱ ገጽ ደፍቶ ይቀመጣል። የኬሞካይን ጥሪ ሲደርስ በሕዋሱ ውስጥ ታሊንና ኪንድሊን የተባሉ ፕሮቲኖች የኢንቴግሪኑን ጅራት ይይዛሉ፤ በዚህም በውጭ ያለው ክፍል ቀና ብሎ ወደ 20 ናኖሜትር ያህል ይቆማል፤ መዳፉም ይከፈታል። ኤልኤፍኤ-1 በዚህ ለውጥ አይካም-1ን የመያዝ ኃይሉ እስከ አሥር ሺህ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። መያያዣው ደግሞ እጅግ ትንሽ ነገር ነው። በኤልኤፍኤ-1 መዳፍ ላይ ያለች አንዲት የማግኒዚየም አዮን በአይካም-1 የመጀመሪያ ክፍል ላይ ያለውን አንድ ግሉታሜት ትይዛለች። በዚች መያያዣ ላይ የደም ግፊቱና ፍሰቱ ሁሉ ይጎትታል፤ በርካታዎቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሕዋሱን ያቆሙታል።

«ኢንቴግሪን» የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ስሙ የተመረጠውም የሕዋሱን ውጭና ውስጥ የሚያስተሳስር መሆኑን ለማመልከት ነበር። በዚህ መስክ መሠረት የጣሉት ሪቻርድ ሃይንስ፣ ኤርኪ ሩዎስላህቲና ቲሞቲ ስፕሪንገር እ.ኤ.አ. በ2022 የላስከር ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል። ስለዚህ ልጅቱ በጠየቀችኝ ጊዜ የጥያቄዋ መልስ ዋና ዋና ክፍሎች ከታወቁ አሥርተ ዓመታት አልፈው ነበር። ያልታወቀው ለእኔ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ቁስል ሳይኖር ደም ለምን ይረጋል? ፕሌትሌቶችም የራሳቸው ኢንቴግሪን አላቸው፤ አልፋ-ሁለት-ቢ ቤታ-ሦስት ይባላል። በአንዲት ፕሌትሌት ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አለ፤ እርሱም እንደ ሌላው ወንድሙ በዕረፍት ጊዜ የታጠፈ ነው። ሲነቃ ፋይብሪኖጅንን ይይዛል፤ ፋይብሪኖጅን ሁለት ጫፍ ስላለው አንዷን ፕሌትሌት ከሌላዋ ያስተሳስራል። በብግነት የተቆጣ ኢንዶቴሊየም ፒ-ሴሌክቲንን ከከረጢቱ ሲያወጣ፣ ከዚያው ከረጢት ቮን ዊልብራንድ ፋክተር የተባለውን ፕሌትሌት ያዥ ክር አብሮ ይለቅቃል። ግድግዳውን የያዙት ነጭ የደም ሕዋሳት፣ በተለይም ሞኖሳይቶች፣ የደም መርጋትን የሚጭረውን ቲሹ ፋክተር ያወጣሉ። እንግዲህ የተህዋሲ መከላከያውና የደም ማቆሚያው በአንድ ግድግዳ ላይ፣ በተመሳሳይ እጆች፣ ጎን ለጎን የሚሠሩ ናቸው። አንዱ ከልክ ሲያልፍ ሌላውን ይጎትታል። ቁስል የለም፤ ግን ግድግዳው የቆሰለ ያህል ይመልሳል።

በኮቪድ-19 የሆነውም ይህን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ከዙሪክ የወጣ የሕሙማን ዘገባ በበርካታ የአካል ክፍሎች ላይ የተቆጣ ኢንዶቴሊየም መታየቱን ገለጸ። በዚያው ዓመት የሞቱ ሰዎችን ሳንባ የመረመረ ሌላ ጥናት፣ በሰባት የኮቪድ-19 ሳንባዎች በአየር ከረጢቶቹ ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የተገኘው የረጋ ደም በኢንፍሉዌንዛ ከሞቱ ሰባት ሰዎች ሳንባ ጋር ሲነጻጸር በዘጠኝ እጥፍ የበዛ ሆኖ አገኘው። ሰባት ጥቂት ነው፤ ግኝቱ ግን የምናየውን ቁጥር ትርጉም ሰጠው። ሳንባው አየር እየተቀበለ ሳለ አየሩን የሚሸከመው ደም መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።

እዚህ ላይ ስደርስ የመጀመሪያ ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ እጆቹ ጥፋተኛ ከሆኑ እንቁረጣቸው! ትምህርቱ ያረመኝ በዚህ ነው። ቤታ-2 የተባለው የኢንቴግሪን ሰንሰለት በዘር ጉድለት የጎደላቸው ሕፃናት አሉ። ደማቸው በነጭ የደም ሕዋስ የተሞላ ነው፤ ቁስላቸው ግን መግል አይቋጥርም፤ እትብታቸው ከተለመደው ጊዜ ዘግይቶ ይወድቃል፤ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል። ሠራዊቱ አለ፤ ከመንገድ ወርዶ ወደ ጦርነቱ የሚገባበት እጅ ግን የለውም። በመድኃኒትም ተሞክሯል። የቪኤልኤ-4ን እጅ የሚያግደው ናታሊዙማብ እ.ኤ.አ. በ2004 ለመልቲፕል ስክሌሮሲስ ሕክምና ፈቃድ አግኝቶ በወራት ውስጥ፣ በየካቲት 2005፣ ከገበያ ታገደ፤ በአካል ውስጥ ተኝቶ የነበረ ቫይረስ በአንጎል ውስጥ ጠባቂ አጥቶ ተነሥቶ ነበርና። በ2006 በጥብቅ ቁጥጥር ተመለሰ። ኤልኤፍኤ-1ን የሚያግደው ኢፋሊዙማብ ግን በዚያው ዓይነት የአንጎል በሽታ ምክንያት በ2009 ከገበያ ወጥቶ ቀረ። መያዝ በሽታ አይደለም፤ አለመያዝም ጤና አይደለም። ጤና ማለት በጊዜው መያዝና በጊዜው መልቀቅ ነው።

ጊዜ የሚለውን ቃል እደግመዋለሁ፤ ምክንያቱም የኮቪድ-19 የሄፓሪን ጥናቶች ያስተማሩት ይኸው ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የታተሙት፣ ብዙ አገሮችን ያሳተፉ ጥናቶች ከፍተኛ መጠን ያለው ሄፓሪን ሆስፒታል የገቡ ነገር ግን ገና ወደ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ያልደረሱ ሰዎችን እንደ ረዳ፣ ፅኑ ሕሙማንን ግን እንዳልረዳ አሳዩ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በሽታው አንድ ነው፤ የተለየው ሰዓቱ ነው። እጆቹ ተያይዘው፣ ክሩ ተደርቶ፣ መንገዱ ከተዘጋ በኋላ መርጋትን መከላከል ያለፈበት ነገር ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ዕውቀት ብቻ የሚመስለው አንባቢ እንዳይኖር አንድ የራሳችንን ታሪክ ልጨምር። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት በአዲስ አበባ የድኻ በሽታ ሆኖ ኖሯል፤ ክረምት ሲሆን፣ ተጠጋግተው በሚያድሩ ሰዎች መካከል ይበረታል። ሕክምናው ፔኒሲሊን ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ታማሚው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዳንዱም ይሞታል። ይህም ያሪሽ-ሄርክስሃይመር የሚባለው ግብረ መልስ ነው። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ 49 ታማሚዎችን አሳትፈው ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ፔኒሲሊኑ ከመሰጠቱ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ፣ ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚያስር ፀረ እንግዳ አካል ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ግብረ መልሱ የታየው በ10ሩ ነበር፤ ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች ግን በ26ቱ ታየ።

ቲኤንኤፍ ለኢንዶቴሊየም የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ምንድን ነው? ኢ-ሴሌክቲንን፣ አይካም-1ንና ቪካም-1ን አውጣ የሚል ነው። የዚያ ጥናት ጸሐፊዎች የለኩት ሕሙማኑን እንጂ እነዚህን እጆች አይደለም፤ እኔ ግን ውጤቱን ሳነብ የማየው የደም ሥሩን ግድግዳ ነው። በተለይ የሚያስደንቀኝ ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት። በዚያው ዘመን በሌሎች አገሮች በከባድ ሴፕሲስ ለታመሙ ሰዎች ቲኤንኤፍን የሚያስሩ መድኃኒቶች ተሰጥተው በአመዛኙ የተጠበቀውን አላስገኙም፤ እዚያ ማዕበሉ ከተነሣ በኋላ ነበር የሚሰጡት። አዲስ አበባ ላይ ግን ማዕበሉ የሚነሣበት ሰዓት አስቀድሞ ይታወቅ ስለ ነበር ቀድሞ መድረስ ተቻለ። የድኻ በሽታ ነው ተብሎ የተናቀው ትኩሳት ሀብታም አገሮች በቀላሉ ያላገኙትን ጥያቄ ለመመለስ የተመቸ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ለእኔና እንደ እኔ በላቦራቶሪ ለሚሠሩ ባልደረቦቼ ነው። የምንለካቸው ብዙዎቹ ነገሮች የኋለኛው ፍርፋሪ ናቸው። ኢንዶቴሊየም ሲቆጣ ግን አይካም-1ና ቪካም-1 ከገጹ ተቆርጠው በደም ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ በብዙ ላቦራቶሪዎቻችን በሚገኘው በኤሊዛ መሣሪያም ሊለኩ ይችላሉ። ጥያቄው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ መቼ እንለካ የሚለው ነው። በቆላው የወባ ታማሚ አለን፤ የፋልሲፓረም ወባ የያዘው ቀይ የደም ሕዋስ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚጣበቅባቸው ሞለኪውሎች አንዱ ያው አይካም-1 ነው። በከተማው ሴፕሲስ አለን፤ የስኳር በሽታ አለን። ታማሚው በገባ ሰዓት፣ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ፣ ሰዓቱ በትክክል ተመዝግቦ የተቀዳ አንድ ናሙና፣ ሰዓቱ ካልታወቀ አሥር ናሙና ይበልጣል። እኔ ራሴ በእነዚያ ሌሊቶች በቱቦው ላይ ስምና ቁጥር እንጂ የተቀዳበትን ሰዓት ባለመጻፌ የጠፋውን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያ ስሕተት የማንም ሳይሆን የእኔ ነበር።

ባለፈው ዓመት ያቺን ልጅ ገርጂ አካባቢ አገኘኋት። አላወቀችኝም፤ ያን ጊዜ ከዐይኔ በቀር ሁሉ ነገሬ የተሸፈነ ነበርና። ማንነቴን ነገርኋት፤ ካልከበዳት ጥያቄዋን ልመልስላት እንደምፈልግም ገለጽሁላት። ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ስለሚያዘገዩት፣ ስለሚጠሩትና ስለሚይዙት እጆች፣ ጀርምን ለመከላከል የተዘረጋ እጅ ሳይለቅ ሲቀር ደሙን ስለማስቆሙ፣ በምችለው አማርኛ አጫወትኋት። አስከሬናቸው ስላልተመረመረ በአባቷ ላይ የሆነው በርግጥ ይህ ነው ልላት እንደማልችልም ሳልደብቅ ነገርኋት።

ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔኮ ለአምስት ዓመት ያ የሰጠኋቸው ሾርባ ይሆን እያልሁ ነበር» አለችኝ።

ሾርባው እንዳልሆነ ይህን በርግጠኝነት ነገርኋት።